ወንድ በሌለበት ግቢ የቆሙ መኪኖች

ዘንድሮ ሥራ አቆምኩ። ጡረታ ወጣሁ እንዳልል ጡረታ የሚያወጣኝ መሥሪያ ቤት የለኝም፤ ያስወጣኝ ወገቤ ነው። መኪና ሥር ገብቼ ለመውጣት ሰው ጠርቼ እጄን ያስጎተትኩ ዕለት፣ በቃሽ ዘይነብ ብዬ መፍቻዎቼን ዘይት በነካው ጨርቅ ጠቀለልኳቸው። ልጄ "እሰይ፣ አሁን እንኳ ጥፍርሽ ይጸዳል" አለችኝ። እስካሁን አልጸዳም፤ እኔም ብዙ አልፈተግሁትም።

ካርቱም ውስጥ የወሎ ሴት ሞልታለች። አብዛኞቻችን የመጣነው ለቤት ሥራ ነው፣ እኔም እንደዚያው። በመኖሪያ ፈቃዴ ላይ እስከ መጨረሻው "የቤት ሠራተኛ" እንደተባልኩ ቀረሁ፤ ላስለውጠው ደጅ ጠንቼ ጠንቼ ሲሰለቸኝ ተውኩት። ነገር ግን ዴም ሰፈር ገብታችሁ፣ ወይም ዳር ካላክላ ወርዳችሁ፣ "ቆማ የቀረች መኪና አለችኝ፣ ማን ያስነሳልኛል?" ብላችሁ ብትጠይቁ የሚነግሯችሁ የእኔን ስም ነው። ይህን የምለው ለጉራ ነው። ሠርቼ ያገኘሁት ስለሆነ ጉራውም ይገባኛል።

የሚሄድ መኪና የእኔ ሥራ አይደለም። መንገድ ላይ ለሚበላሸው ጠጋኙ ብዙ ነው፤ ጋራዦቹ ያሉበት ሰፈር ሞልቶ ይፈሳል። የእኔ ድርሻ ቆማ የሰነበተች፣ ቁልፍ ሲዞርላት ወይ ፍንክች የምትል መኪና ናት። ካርቱም ደግሞ የዚህ ዓይነት መኪና አገር ነው። አባወራው ሙግተሪብ ይሆናል፤ ሙግተሪብ የሚሉት ዓረብ አገር ተሻግሮ የሚሠራውን ሰው ነው። መኪናውን ግቢ ያቆማል፣ ሸራ ያለብሳል፣ ቁልፉን ለሚስቱ ሰጥቶ ይሄዳል። ከዚያ አቧራው አለ፣ ባትሪ የሚያደርቀው ሙቀት አለ፣ ሽቦ የሚበላው አይጥ አለ። በኋላ በኋላ ቤንዚን ሲጠፋ ደግሞ ያልተሰደደውም ሰው መኪናውን ማቆም ጀመረ፣ ሥራ በዛልኝ።

እንግዲህ የዚያ ሁሉ ሙግተሪብ ግቢ ወንድ የለበትም። እኔን ከማጀት አውጥቶ ኮፋኖ ሥር የከተተኝ ይኸው ነው።

ያኔ የምሠራው ሲት ሰሚራ የምትባል ሴት ቤት ነበር፤ ሲት ማለት እንደ እኛ እትዬ ነው። ባሏ ሪያድ ነው። የታመሙ እናቷን ወደ ሐኪም ልታመላልስ መኪናዋን ማስነሳት ፈለገች፣ መኪናዋ ግን እምቢ አለች። የመኪና ኤሌክትሪሺያን በስልክ ስታስጠራ የመጡት ኡስታ ዑስማን ነበሩ። ኡስታ ሥራውን አበጥሮ የሚያውቅ የእጅ ባለሙያ የሚጠራበት ማዕረግ ነው፤ እዚህ ለማንም እንዲሁ አይሰጥም። ረዥም ቀጭን ሰው ናቸው፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው የመሣሪያ ሳጥናቸውን በትከሻቸው ይዘዋል። እናታቸው የጎንደር ሴት ነበሩ። እሳቸው ግን ዴም ተወልደው ዴም ያደጉ ስለሆኑ የሚያውቁት አማርኛ እናታቸው ሲቆጧቸው የሰሙትን ነው፤ ና፣ ሂድ፣ ዝም በል፣ እጅህን ታጠብ፤ የምንነጋገረው በዓረብኛ ነው።

በሩን ስከፍትላቸው አልገቡም።

"ወንድ አለ?" አሉኝ።

"የለም፣ ሲት ሰሚራና እኔ ብቻ ነን።"

"ተማም፣ ደህና። እኔ አልገባም። በርጩማ አምጪ።"

አመጣሁላቸው። ከብረት በሩ ውጭ ጀርባቸውን ለግቢው ሰጥተው ጥላው ላይ ተቀመጡ። ባል በሌለበት ቤት እንግዳ ወንድ ገብቶ ሲወጣ ሰፈር የሚያወራውን ሁላችንም እናውቃለን። ሌሎቹ ኤሌክትሪሺያኖች እንዲህ ያለ ቤት ሲገጥማቸው "ባልሽ ሲመጣ ጥሪኝ" ብለው ይሄዳሉ። ኡስታ ዑስማን ግን ሥራውንም የሴትዮዋን ስምም አይተዉም ነበር፤ ሁለቱንም የሚይዙበት ዘዴ ነበራቸው።

"ቁልፉን ማን ያዞራል?" አሉ ከውጭ።

ሲት ሰሚራ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እኔ በሕይወቴ መኪና ውስጥ ከኋላ ወንበር በቀር ተቀምጬ አላውቅም።

ስሜን ጠየቁና እንደ ዓረቡ አጠራር "ያ ዘይነብ፣ መጀመሪያ ከቡቱን ምቺ" አሉኝ። ከቡት ያሉት ኮፋኖውን ነው። "ድመት ካለ ይውጣ።" በመዳፌ መታሁት፤ እውነትም አንዲት ግራጫ ድመት ከሞተሩ ሥር ተስፈንጥራ ወጣች። "አሁን ሁሉም ዝም ይበል፣ ማራገቢያውም ይጥፋ። ቢስሚላህ በይና አዙሪ። ቤንዚን አትርገጪ!"

አዞርኩ።

"ምን አለ?"

"ጠጠጠጠጠጠ አለ።"

ሳቃቸው በበሩ ቀዳዳ መጣ። "ማሻአላህ! እኔም የሰማሁት እሱን ነው።"

እንዲህ ቶሎ ቶሎ የሚንጣጣ ባትሪ ተርቧል፣ ወይም ካቦው፣ ወፍራሙ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ በደንብ አልያዘም ማለት ነው። ኮፋኖውን አስከፍተው ባትሪው ላይ ምን እንደማይ ጠየቁኝ። ካቦዎቹ የሚታሰሩበት ቦታ ነጭና አረንጓዴ ነገር አብቦበታል አልኩ። "ጥቁሩን ካቦ መጀመሪያ ፍቺ፣ ቀዩን በኋላ። ከዚያ ሙቅ ውሃና ብሩሽ። እንደ ድስት እጠቢው።" ድስት ማጠብ ለእኔ ይነገረኛል? የባትሪው እርሳስ እንደ ብር እስኪያብረቀርቅ ፈተግሁት። አድርቄ፣ መልሼ አስሬ፣ ቢስሚላህ ብዬ ሳዞር ሞተሩ ተነሳ። ሲት ሰሚራ እልል አለች፣ ከበሩ ውጭ ደግሞ "አላሁ አክበር" ሲሉ ሰማሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሠራሁት ሥራ ሁሉ ማታ ጸድቶ ጠዋት መልሶ የሚቆሽሽ ነበር፤ የሞተ ነገር ሲነሳልኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ሊሄዱ ሲሉ ለሲት ሰሚራ ከውጭ ሆነው "ይህችን ሴት ጁምዓ ጁምዓ አውሺኝ" አሏት። አዋሰችኝ። ውሎ አድሮ ጭራሹን ለቀቀችኝ፣ አላህ ይስጣት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ያኖረን አሠራር ይኸው ነበር። እሳቸው ከበሩ ውጭ፣ እኔ ከበሩ ውስጥ። እሳቸው ጆሮ፣ እኔ እጅ። መኪናዋ ከበሩ ርቃ ጓሮ የቆመች እንደሆነ ድምፁ ስለማይደርሳቸው እኔ በአፌ እየሠራሁ ወደ መንገዱ እጮህ ነበር። አላፊ አግዳሚው አበደች ሳይለኝ አይቀርም። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙኝና "ድገሚ፣ መጨረሻው ላይ ያዝ አደረገ ወይስ ለቀቀ?" ይሉኛል። እንዲህ እየተጯጯህን ድምፅ መለየት ተማርኩ። አንዴ ብቻ ጠቅ ብሎ ዝም ካለ ባትሪውን ተይው፤ ወይ ሞተሪኖው ነው፣ ወይ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ካቦ። ሞተሪኖ፣ እሳቸው ሲልፍ የሚሉት፣ ሞተሩን መጀመሪያ ገፍቶ የሚያሽከረክረው ዕቃ ነው። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ከቁልፉ ጀምረሽ ሽቦውን ተከተይ። ከሁሉም የሚፈሩት ግን ዱብ ብሎ የሚቆመውን ነበር። "ዱብ ካለ እጅሽን ከቁልፉ አንሺ። ሲልፉ ጤነኛ ነው፣ እምቢ ያለው ሞተሩ ራሱ ነው። ካንዴላዎቹን ሳታወጪ እንዳትደግሚ!" ይሉኝ ነበር። ካንዴላ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ዕቃ ነው፤ ሲፈታ ሞተሩ ውስጥ የገባ ውሃ በቀዳዳው ይወጣል።

መኪናዋን ከመንካታችን በፊት የቤቱን ሴት በበሩ ቀዳዳ ይጠይቃሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። ለመጨረሻ ጊዜ ማን ነዳት? ሲያጠፋት ደህና ነበረች? ከዚያ ወዲህ ማን ነካካት? የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። በየጁምዓው ከሶላት በኋላ፣ መኪናዋ እንዳትሞት ተብሎ፣ ትነሳና ለጥቂት ደቂቃ ሞቃ ትጠፋለች። የካርቱም ሰው ሁሉ መኪናውን እየተንከባከበ የሚመስለው በዚህ ነው። ኡስታ ይህን ሲሰሙ ጥምጥማቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ ያኖሩ ነበር። "ወላሂ የገደላችኋት እናንተ ናችሁ! ማስነሳት ከባትሪው ብዙ ይወስዳል፣ ጥቂት ደቂቃ ቆሞ መሞቅ አይመልስለትም። ወይ ንዷት ወይ ተዉአት!" ሴቶቹ እሺ ይላሉ፣ በሚቀጥለው ጁምዓ ደግሞ ያሞቃሉ። እኛም ስንጠራ እንመለሳለን።

እኔ በበኩሌ የማልተወው አንድ የራሴ ልማድ ነበረኝ። ቁልፉን ሞክሬ ስወርድ ካቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ እነካለሁ። ለብ ያለ ካለ እዚያ አንድ ነገር ኤሌክትሪኩን አስቸግሮታል ማለት ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ካውያ የሚተኩስ፣ የሕፃን ወተት የሚለካ እጅ የሚያውቀው ነው። ለኡስታ ስነግራቸው አልወደዱትም። "መኪና የሚታወቀው በጆሮ ነው። መነካካቱን ተይ" አሉኝ። ተውኩ አልኩ፣ ግን አልተውኩም።

ጆሯቸው መድከሙን ቀድማ ያወቀችው ባለቤታቸው ሐጃ ሰፊያ ናት። አዛን አልሰማ ብለው ሶላት እያለፋቸው መቆጣት ጀመሩ። አንድ ቀን ረክሻ፣ ያችው ባለሦስት እግሯ፣ ከኋላቸው ጡሩንባ እየነፋች መጥታ ጀለቢያቸውን ገፋ አድርጋ አለፈች። ከዚያ ወዲህ ራሳቸው የሚነዷትን ትንሽ ሚኒባስ ቤታቸው አጠገብ አቁመው በእግራቸው ይሄዱ ጀመር። "ነዳጅ ተወዷል" ይላሉ። በሥራ ላይ ግን ምንም አልተለወጠም፤ እሳቸው ከውጭ ይቀመጣሉ፣ እኔ ድምፁን በአፌ እሠራለሁ፣ እሳቸው ይፈርዳሉ። እየጮህኩ እስከነገርኳቸው ድረስ ፍርዳቸው ዝንፍ አይልም ነበር።

እንዲህ እያለን ካላክላ ተጠራን።

የጠራችን ነፊሳ ትባላለች። ባሏ ዓረብ አገር እንደወጣ እዚያው ሞተባት። ሳይሞት የላከላት ሚኒባስ ግቢዋ ውስጥ ከቆመች ቆይታለች። ነፊሳ መንጃ ፈቃድ አላት፤ በመኪናዋ ተርሒል ልትጀምር ነው፣ ተርሒል ማለት የሰፈሩን ተማሪዎች ትምህርት ቤት አድርሶ መመለስ ነው። ወላጆቹን አነጋግራ ጨርሳለች። ትምህርት የሚከፈተው እሁድ ነው፣ እዚህ ሳምንቱ የሚጀምረው በእሁድ ነውና፤ እኛ የሄድነው ሮብ ጠዋት።

"ያ ዘይነብ፣ እሁድ በራቸው ላይ ካልተገኘሁ ሌላ መኪና ይይዛሉ" አለችኝ። "ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ማን ይመልስልኛል? ልጆቼን የማበላው በዚህ ነው፣ ሌላ የለኝም።"

ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር። የግቢዋ ግድግዳ ላይ ጎርፉ የደረሰበት የጭቃ መስመር ይታያል፣ ከሚኒባሷ ጎማ በላይ ነው። እዚህ መኪና ውስጥ ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበር ሥር ነው። ወንበሩን ገልብጬ የአየር ማጣሪያው ሣጥን ውስጥ እጄን ሳስገባ እርጥብ ጭቃ ይዤ ወጣሁ። ቁልፉን አዞርኩ። ዱብ አለና ቆመ።

እጄን አነሳሁ። በአፌ ልሠራላቸው ወደ በሩ ዞር ስል ኡስታ ከውጭ እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙኝ። "ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ! ባትሪ ነው። ቦክሲ ፈልጉና ጎትቷት።" ቦክሲ የሚሉት ከኋላዋ ዕቃ የሚጫንባትን መኪና ነው።

በሩ ድረስ ሄጄ ከሚገባው በላይ ጮህኩ። "ኡስታ፣ ባትሪ አይደለም! ዱብ ብላለች። ማጣሪያው ውስጥ ጭቃ አለ፣ ውሃ ገብቶባታል። ካንዴላዎቹን እናውጣ!"

"ጭቃው የሐቡብ ነፋስ ያመጣው አቧራ ነው፣ ዝናብ ነክቶት ነው። ኡስታው ማን ነው፣ እኔ ነኝ አንቺ?"

ሰፈሩ ተሰብስቧል፣ ባለ ቦክሲው ጎረቤት ገመድ አምጥቷል። ነፊሳ እኔንና እሳቸውን ታያለች። የማን ቃል ይሰማል? የእሳቸው ነዋ። መኪናዋን ገፍተው መንገድ ላይ አወጧት፣ ገመዱ ታሰረ፣ ነፊሳ መሪውን ያዘች። ባለ ቦክሲው ሲጎትት በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ለቀቀችው። ብረት ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ የሰማ አይረሳውም። ከመኪናዋ ሥር ዘይትና ውሃ ተደባልቆ አሸዋው ላይ ፈሰሰ። ሞተሩ ውስጥ የገባ ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስተኑን የሚገፋው ቢየላ፣ ያ ወፍራም የብረት ክንድ፣ መሄጃ ሲያጣ ተሰብሮ የሞተሩን ጎን በስቶት ወጣ።

ነፊሳ ከመኪናዋ ወርዳ ቁልፉን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ስንመለስ በአውቶቡስ ጎን ለጎን ተቀምጠን ኡስታ እስከ ዴም ድረስ መስኮቱን እያዩ ሄዱ። ልንወርድ ስንል ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"መጀመሪያ ስታዞሪ ምን አለ?"

"ዱብ አለና ቆመ። ነግሬዎታለሁ።"

አፌን አተኩረው ሲያዩ ቆዩ። "እኔ ምንም አልሰማሁም" አሉ። "ወላሂ ምንም። መኪናው መዞሩንም አላወቅሁ። ቆሞ የከረመ ሁሉ ባትሪ ነው ብዬ ነው።"

ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ እሳቸው አላለቀሱም፣ ግን ማየት አቃተኝ። በጆሮው የኖረ ሰው ነው። ያን ያህል ዓመት የካርቱምን መኪና ከበር ውጭ ተቀምጦ ያስነሳ ሰው ነው። ተናደድኩባቸውም አዘንኩላቸውም፣ ሁለቱም እኩል ነበር።

ቤታቸው እንደደረስን ለሐጃ ሰፊያ "ሚኒባሴን ለዚያች ሴት እሰጣታለሁ። ሞተር እስክገዛላት ድረስ በእኔ ትሥራ" አሏት። ሐጃ ሰፊያ ነገር ታውቃለች፤ "እሰይ፣ እኔማ ልትፈርስ ነው ብዬ የዶሮ ቤት ላደርጋት ነበር" አለች። ለነፊሳ ደወልኩላት። መጀመሪያ አላመነችኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ከካላክላ መጣች። ኡስታ አዲስ ጀለቢያ ለብሰው ሚኒባሳቸው ውስጥ ገቡ፣ ቢስሚላህ ብለው ቁልፉን አዞሩ። ጠቅ። መልሰው አዞሩ። ጠቅ። መኪናዋ የቆመችው ጆሯቸው ከደከመ ጀምሮ ነው፣ አንድም ቀን አልተነሳችም።

ዴም ውስጥ የቆመ መኪና ካለ ሰው ለመሰብሰብ ጊዜ አይፈጅም። የሻይ ቤቱ ሰው መጣ፣ የረክሻ ነጂዎቹ መጡ፣ የእኛ አገር መካኒኮች መጡ፣ ሁሉም ሐኪም ሆነ። ኡስታ "ባትሪ ነው" አሉ። አንዱ ከመኪናው አዲስ ባትሪ አውጥቶ አመጣ፣ ቀየርነው። ጠቅ። ነፊሳ ሻሿን እያሰረች ትፈታለች። ነገ እሁድ ነው።

"ያላ፣ እንግፋት!" አለ አንዱ የረክሻ ነጂ። አምስት ስድስት ሰው ሄዶ ከኋላዋ ቆመ። ኡስታ ማርሹን አስገቡ።

ሄጄ ከፊቷ ቆምኩ።

"ማንም አይገፋትም" አልኩ። "አንድ መኪና ሰብረናል። ይህችን ምን እንደሆነች ሳላውቅ ማንም አይነካትም።"

የረክሻ ነጂው ሳቀ። "አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?" አለኝ። ኡስታ ከመሪው ላይ አዩኝ። ያልኩትን ሰምተው እንደሆነ አላውቅም፣ ከፊታቸው መቆሜን ግን አይተዋል። ማርሹን መለሱት።

መብራቱን አስበራሁና ቁልፉን አዙሩ አልኳቸው በእጄ። ጠቅ አለ፣ መብራቱ ግን ቅንጣት አልደበዘዘም። ባትሪ ደካማ ቢሆን መብራቱ ይሞት ነበር። ስለዚህ ጉልበት አለ፣ ሞተሪኖው ጋ ግን አይደርስም፣ ወይም ደርሶ መመለሻ አጥቷል። "ያዙት፣ አይልቀቁት!" ብዬ ቁልፉን ጥቂት አስያዝኳቸውና አስለቅቄ፣ እጄን ወንበሩ ሥር ሰድጄ አንድ በአንድ ነካሁ። ወፍራሙ ቀይ ካቦ ቀዝቃዛ። የሞተሪኖው ራስ ቀዝቃዛ። ከዚያ ጣቴ የቤንዚን መርገጫውን ሽቦ ነካ። ቤንዚን ስንረግጥ የሚሳበው ቀጭኑ የብረት ገመድ ነው፤ ከኤሌክትሪክ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ሞቋል።

ሳቄ መጣ። ወዲያው ገባኝ። ኤሌክትሪክ ከባትሪ ሄዶ ከሞተሩ በመኪናዋ አካል በኩል መመለስ አለበት፣ የሚመለስበትን ካቦ የእኛ ሰዎች ማሳ ይሉታል። ማሳው ከተበላ ኤሌክትሪኩ ያገኘውን ብረት ይዞ ለመመለስ ይሞክራል፣ እዚህ ያገኘው ቀጭኑን የቤንዚን ገመድ ነው። ለመብራቱ ሌላ መመለሻ አለው፤ ለሞተሪኖው ያ ገመድ አይበቃውም።

ለኡስታ በቃል አልነገርኳቸውም። ገመዱን በጣቴ አሳየሁና ፈቀቅ አልኩ። ወርደው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ነኩት። እጃቸውን እዚያው አቆዩት። መጀመሪያ ገመዱን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን፣ መልሰው ገመዱን። ከዚያ ተንበርክከው፣ ያን አዲስ ጀለቢያ ዘይት እያስነኩ፣ ወደ ሞተሩ ሥር እጃቸውን ሰደዱና ማሳውን ጎትተው አወጡ። ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ነው። ሲያጥፉት ፕላስቲኩ ውስጥ ያለው መዳብ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ እጃቸው ላይ ፈሰሰ።

ከሳጥኔ ወፍራም ካቦ ቆርጬ ራሴ አሰርኩት። የሚያርፍበትን የሞተሩን ብረት እስኪነጣ ፈግፍጌ፣ በመፍቻ አጥብቄ። ማንም አልረዳኝም፣ ማንም እንዲረዳኝ አልፈለግሁም። ኡስታ መልሰው መሪው ላይ ወጡ።

"ቢስሚላህ" አልኩ፣ ቁልፉን አዞሩ።

ተነሳች። አንዴ እንኳ አላቅማማችም። ነፊሳ እልል ስትል ሐጃ ሰፊያ ከቤት ተቀበለቻት። ኡስታ ግን ቁልፉን እንደያዙ ቀሩ፣ መነሳቷን አልሰሙም። ቆይተው ንዝረቱ ወደ እጃቸው ሲደርስ መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙና ዓይናቸውን ጨፈኑ። መኪና የያዘ ሰው እንዲህ ደስ ሲለው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ወርደው ቁልፉን ለነፊሳ ሰጧት። "ነገ ጠዋት በራቸው ላይ ቁሚ" አሏት። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ። ጆሮው የደከመ ሰው ድምፁን ስለማይለካ የሚናገሩት መንገዱን ተሻግሮ ይሰማ ነበር።

"ያ ጀማዓ! የእኔ ጆሮ ሄዷል። የዚህችን ሴት መኪና ካላክላ ላይ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ዘይነብ አትጎትቱ ብላኛለች፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ኸላስ፣ እኔ በቃኝ። የቆመ መኪና ያለው ከዛሬ ጀምሮ እሷን ይጥራ። ኡስታዋ እሷ ናት።"

ያ የረክሻ ነጂ መሬት መሬት አየ። እኔ ዘይት በነካው እጄ ፊቴን ጠረግሁ፣ ጠቆርኩ መሰለኝ፣ ሐጃ ሰፊያ ሳቀችብኝ።

"አላህ ይስጥልኝ ኡስታ" አልኩ። በቀስታ ነበር ያልኩት።

"ምን አልሽ?" አሉኝ፣ አፌን አፌን እያዩ።

ባለ በሌለ ድምፄ ጮኼ ደገምኩላቸው። ሰፈሩ ሁሉ ሰማኝ፣ እሳቸውም ሰሙኝ።